በከተማ ድህነት ውስጥ የሚኖርን ልጅ ስፖንሰር ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"አንዲት ልጅ ስፖንሰር አደርጋለሁ" ብዬ ለሰው ካወራሁበት ቀን ጀምሮ ጥያቄ አጥቼ አላውቅም። አንዳንዱ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ "አይ አንቺ፣ ተሸውደሽ ነው" በሚል ፈገግታ። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ስለዚህ ስደጋግማቸው የኖርኩትን መልሶች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የማወራው በተለይ ከተማ ውስጥ በድህነት ስለሚኖሩ ልጆች ነው። ለምን ለይቼ እንዳየሁት ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ስፖንሰር ማድረግ ምን ማለት ነው? ጉዲፈቻ ነው እንዴ?

አይደለም። ጉዲፈቻ በሕግ የልጁ ወላጅ መሆን ነው። ስፖንሰር ስታደርጉ ልጁ ከቤተሰቡ ሳይለይ ባለበት ይኖራል። እናንተ በአንድ ድርጅት በኩል በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ታዋጣላችሁ። በልጁ ላይ ምንም ሕጋዊ መብት የላችሁም። የሚደርሳችሁ ፎቶ፣ አጠር ያለ የቤተሰቡ ሁኔታ፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ደብዳቤና የትምህርት ውጤት ነው።

ከታሪኩ ትንሽ ልጨምር፤ ያለ እሱ የዛሬው አሠራር አይገባም። ነገሩ የጦርነት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጆን ላንግደን ዴቪስ የሚባል ብሪታንያዊ ጋዜጠኛ ጦርነቱ ያፈናቀላቸውን ልጆች ከለጋሾች ጋር አንድ በአንድ የሚያገናኝ ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የምንለው እሱ ነው። ኮምፓሽን የተባለው ድርጅት በ1952 ሲመሠረት፣ ወርልድ ቪዥን የተባለውም በ1953 ስፖንሰርሺፕ ሲጀምር፣ ያሰቡት በኮሪያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ስላጡ ልጆች ነበር።

አሠራሩ የተሰፋው እንግዲህ በወላጅ አልባ ልጅ ልክ ነው። ፎቶው ላይ ብቻውን የቆመው ልጅም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ዛሬ በከተማ ድሃ ሰፈር ውስጥ ስፖንሰር የሚደረገው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይደለም። እናት አለችው። ወይ አያት፣ ወይ አባት፣ ወይ ታላቅ እህት። ፎቶው ላይ አይታዩም እንጂ ከካሜራው ጀርባ ቆመዋል። የምትደግፉት እነሱንም ነው።

ድህነት ያው ድህነት አይደለም እንዴ? የከተማው በምን ይለያል?

ረሃቡ አንድ ነው። አኗኗሩ ይለያያል። ገጠር ውስጥ ክፉ ቀን ሲመጣ ከጓሮ የሚቀጠፍ፣ ከጫካ የሚለቀም፣ ከምንጭ የሚቀዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ከተማ ላይ ግን ሁሉም በገንዘብ ነው። ውሃ በጀሪካን ይገዛል። ማገዶ ይገዛል። ሽንት ቤት እንኳ ተከፍሎ የሚገባበት ሰፈር አለ። ደግሞ ድሃ ሁሉን የሚገዛው በችርቻሮ ነው። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ካለው ሰው ይልቅ ውሃ በጀሪካን የሚገዛው ሰው፣ በሊትር ሲሰላ፣ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይከፍላል። ድሃ መሆን ውድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የቤት ኪራይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤትና የከተማ ጉዳይ ድርጅት የሆነው ዩኤን ሃቢታት አንድን ቤተሰብ "ጎስቋላ ሰፈር ውስጥ ይኖራል" የሚለው ከአምስት ነገሮች አንዱ እንኳ ሲጎድለው ነው፦ ንጹሕ ውሃ፣ ደህና መጸዳጃ፣ በቂ ስፋት ማለትም በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው ያልበለጠ፣ ጸንቶ የሚቆም ቤት፣ እና ነገ ውጡ እንደማይባሉ የሚያስተማምን የይዞታ ዋስትና። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ፎቶ ማንሳት ይቻላል። አምስተኛውን አይቻልም። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚነቅለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው ነው። ኪራይ ሲጨምር ቤተሰቡ ይለቃል። ቤተሰቡ ሲለቅ ልጁ ትምህርት ቤት ይለቃል። አዲሱ ሰፈር ደግሞ "መልቀቂያ አምጣ"፣ "የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ"፣ "አድራሻህ የት ነው" ይላል።

ሌላም አለ። በከተማ የአንድ ልጅ ጉልበት በዕለቱ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ዕቃ መሸከም፣ መንገድ ላይ መሸጥ፣ ፕላስቲክ መልቀም፣ የሰው ቤት መሥራት። ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የዋለበት ቀን ቤቱ ማታ ገንዘብ ያልገባበት ቀን ነው። የናንተ መዋጮ የሚወዳደረው ከዚያ ገንዘብ ጋር ነው።

ችግሩ ደግሞ አይታይም። ዩኒሴፍ በ2012 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ልጆች በከተማ እንደሚኖሩ ገልጾ፣ የከተማ አማካይ ቁጥር ድሆቹን እንደሚሸፍናቸው አስጠንቅቆ ነበር። ከተማው ሆስፒታል አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ መብራት አለው። አማካዩ ጥሩ ነው። ሆስፒታሉ ከልጁ ቤት በር ላይ ይታያል። የካርድ ማውጫ ገንዘብ ግን የለም።

ገንዘቡ ልጁ እጅ ይገባል?

በጥሬው፣ በልጁ እጅ? በፍጹም ማለት ይቻላል። እንዲገባም አትመኙ።

የድርጅቶች አሠራር በግርድፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገንዘቡን እዚያው ልጅ ላይ ያውለዋል፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የሕክምና ምርመራ፣ ከትምህርት በኋላ የሚያጠናበትና የሚበላበት ማዕከል። ሌላው የሁሉንም ስፖንሰሮች ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ከቶ ለአካባቢው ይሠራበታል፦ የውሃ ቦኖ፣ የመማሪያ ክፍል፣ የእናቶች ቁጠባ ማኅበር። በዚህኛው አሠራር ፎቶውን ያያችሁት ልጅ የአካባቢው ወኪል ነው። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሁለቱን ያደባልቃሉ። ቋት መሆኑን በግልጽ ይጽፉታል፤ የሚጽፉት ግን ልጁ ከሚስቅበት ፎቶ በታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው። አንብቡት።

የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ለከተማ መጀመሪያ እዚያው ልጅ ላይ የሚያውለውን እመርጣለሁ። ምክንያት አለኝ። ገጠር የተቆፈረ ጉድጓድ እዚያው መንደር ይኖራል፤ መንደሩም አይሄድም። የከተማ ድሃ ግን ተከራይ ነው። ሰፈሩ ሲሻሻል፣ መንገድ ሲገባ፣ ቦኖ ሲተከል፣ ቤቱ ይወደዳል። አከራዩም ኪራይ ይጨምራል። እንዲሻሻልላቸው የታሰቡት ሰዎች እቃቸውን ጠቅልለው ወደ ከተማው ዳር ይሄዳሉ። ይሄ ሁልጊዜ ይሆናል አልልም። ግን ሲሆን አይተናል። ልጁን ተከትሎ የሚሄድ ድጋፍ ከቦታው ጋር ከተሰፋ ድጋፍ ይሻለዋል።

ለአስተዳደር ስንት ይወሰዳል? ደመወዝ ላይ አይደለም የሚያልቀው?

የተወሰነው አዎ፣ ደመወዝ ላይ ያልቃል። እንዲያልቅም ያስፈልጋል። ሰው "ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ለልጆች ይደርሳል" የሚለውን ሲያነብ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ለከተማ ልጅ ትልቁ ነገር ሶሻል ወርከሯ ናት እላለሁ። በር የምታንኳኳው እሷ ናት። ልጁ ሁለት ቀን ሲቀር "ምን ሆነ?" ብላ የምትሄደው እሷ ናት። አባቱ መጠጣት መጀመሩን፣ እህቱ ለሰው ቤት ሥራ ልትሰጥ መሆኑን የምትሰማው እሷ ናት። በብዙ የሒሳብ አያያዝ የሷ ደመወዝ "ፕሮግራም" ይባላል፤ በአንዳንዱ "አስተዳደር"። ስለዚህ ፐርሰንቱን ብቻ አትዩ። "አንድ ሶሻል ወርከር ስንት ልጅ ይደርሳታል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ግን በእውነት ለውጥ ያመጣል?

ይሄን ጥያቄ በስሜት መመለስ ይቻል ነበር። ደግነቱ ጥናት አለ።

ዋይዲክ፣ ግሉዊና ራትሌጅ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች በ2013 ጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ላይ ያሳተሙት ሥራ የሚጠቀስ ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በህንድ፣ በፊሊፒንስ፣ በጓቲማላና በቦሊቪያ በኮምፓሽን በኩል ልጅ ሆነው የተደገፉ ሰዎችን አዋቂ ከሆኑ በኋላ ፈልገው አገኟቸው። ዘዴያቸው ብልህ ነው። ፕሮግራሙ አዲስ ሰፈር ሲገባ የሚቀበለው ከተወሰነ ዕድሜ በታች ያሉትን ብቻ ነበር። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ታናሹ ገብቶ ታላቁ "ዕድሜህ አልፏል" የተባለበት ብዙ ነው። እናትና አባታቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ። እነዚያን አነጻጸሩ፤ በጠቅላላው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች።

የተደገፉት በአማካይ ከ1 እስከ 1 ዓመት ተኩል ያህል የበለጠ ተምረዋል። ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸው ከ12 እስከ 18 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። የቢሮ ዓይነት ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨምሯል። ተአምር አይደለም። ግን ቀላልም አይደለም። አንድ ልብ የምትሉት ነገር ጥናቱ አንድ ድርጅትን ብቻ የሚመለከት መሆኑ ነው፤ እሱም እዚያው ልጅ ላይ የሚያውለውን ዓይነት። "ስፖንሰርሺፕ ሁሉ ይሠራል" የሚል ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ለኛ ርዕስ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ከነዚሁ ተመራማሪዎች ሁለቱ ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው በኢንዶኔዥያ በጃካርታ ከተማ ድሃ ሰፈሮች ለሚኖሩ ልጆች ባለቀለም እርሳስ ሰጥተው "ራሳችሁን ሳሉ" አሏቸው። ስዕሎቹን ከስፖንሰርሺፕ ጋር ሲያያይዙ፣ የተደገፉት ልጆች ስዕል ውስጥ የበለጠ ደስታና ተስፋ አገኙ። በገንዘብ የማይለካ ነገርም እየገባ ነው ማለት ነው። "ሩቅ ያለ ሰው ስሜን ያውቃል" የሚለው ስሜት ራሱ አንድ ነገር ነው።

ድርጅቱ የሚታመን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማጭበርበር የለም ብዬ አላታልላችሁም። በ1998 ዘገባውን ያወጣው ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ጋዜጠኞቹን የታወቁ ድርጅቶች ጋር ልጅ ስፖንሰር አስደርጎ ከቆየ በኋላ ልጆቹን ፍለጋ ሄደ። አንዷ ሞታለች። ስፖንሰሯ ግን ሳያውቅ ይከፍል ነበር። ከዚያ በኋላ ድርጅቶች ብዙ አሠራር ቀይረዋል። ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ የልጁን መኖር የሚያረጋግጠው ማነው፣ በየስንት ጊዜው?

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉ፣ ወይ ደውሉ። ልጁ በአካል የታየው መቼ ነው? ፎቶው በየስንት ዓመቱ ይታደሳል? ሒሳቡን የውጭ ኦዲተር ያየዋል? ሪፖርቱ የት አለ? ልጅ ላይ በደል ቢደርስ ለማን ነው የሚነገረው? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ዝም ካሰኛቸው ወይም ካስቆጣቸው፣ ተዉት። የልጆች ጥበቃ ፖሊሲ የሌለው ድርጅት በእንባ የሚያስለቅስ ቪዲዮ ቢኖረውም ዋጋ የለውም። በነገራችን ላይ፣ በጣም የሚያስለቅስ ቪዲዮ ራሱ ለኔ መጥፎ ምልክት ነው። ልጅን ለገንዘብ እያስለቀሰ የሚቀርጽ ሰው ሌላ ጊዜስ እንዴት ይይዘዋል?

ብዙዎቹ ድርጅቶች ሃይማኖታዊ ናቸው። ለአንዳንዱ ይሄ ምክንያት ነው፣ ለአንዳንዱ እንቅፋት። "እርዳታው ሃይማኖት ሳይለይ ነው ወይ?" ብላችሁ አስቀድማችሁ አጥሩት።

ልጁ ቤት ቢቀይርስ? ቢጠፋስ?

እዚህ ላይ ከራሴ ልናገር። የኔዋ ልጅ ስንጀምር 7 ዓመቷ ነበር። ከእናቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ትኖራለች። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይረዋል።

በሁለተኛው ጊዜ ደብዳቤ ቀረ። አምስት ወር። ገንዘቡ ግን አንድም ወር አልቀረም፤ ከሒሳቤ እየተቆረጠ ይሄዳል። ጻፍኩ። "ደብዳቤዎች አንዳንዴ ይዘገያሉ፣ ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን" የሚል የተዘጋጀ መልስ መጣ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው መልስ፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተቀየረም። በሦስተኛው አንዲት ሠራተኛ ደወለችና እውነቱን ነገረችኝ። አከራዩ ኪራይ ጨምሯል፣ እናትየው ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማው ጫፍ ወጥታለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ያልከፈለችው የኪራይ ዕዳ ነበረባትና ተደብቃ ነው የሄደችው። የቀድሞ ጎረቤት ጠይቀው ነው ያገኟት። ልጅቷ አራት ወር ትምህርት ቤት አልሄደችም።

በድርጅቱ ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት ቤተሰቡ ስለጠፋባቸው አልነበረም፤ ከተማ ውስጥ ሰው ይጠፋል። የተናደድኩት ስላልነገሩኝ ነው። አሁን ለማንም የምመክረው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ልጁ ቤት ሲቀይር ምን ታደርጋላችሁ?" አንዳንዶቹ ልጁን ወደሚቀርበው ሌላ ማዕከላቸው ያዘዋውራሉ። አንዳንዶቹ የመጓጓዣ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ፋይሉን ዘግተው "ሌላ ልጅ መርጠንልዎታል" ብለው አዲስ ፎቶ ይልካሉ። የመጨረሻው አሠራር ለከተማ አይሆንም። ልጅቷን ከቤት ያወጣቻት ኪራይ፣ ከፕሮግራሙም ታስወጣታለች ማለት ነው።

ምን ብዬ ነው ደብዳቤ የምጽፈው? ልጁን አላውቀውም፣ ቋንቋውንም አላውቅም።

ቋንቋውን ተዉት፣ ተርጓሚ አላቸው። አጭር ጻፉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ድመታችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ ትጠሉት ስለነበረው የትምህርት ዓይነት። ስለ መኪናችሁና ስለ አዲሱ ቤታችሁ አትጻፉ። "በርቺ፣ ተማሪ፣ ተለወጪ" የሚለውን ስብከት ቀንሱት፤ ከመምህሯም ከእናቷም ትሰማዋለች። ይልቅ የምትመልሰው ጥያቄ ጠይቋት። "ጓደኛሽ ማን ትባላለች?" ከሚለው ጥያቄ አራት ገጽ ወጥቶ ያውቃል።

የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ግን ያናድዳሉ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትምህርቴን እየተማርኩ ነው።" ሁሉም አንድ ዓይነት። አንድ ሰው ሰሌዳ ላይ ጽፎላቸው የገለበጡት ነው የሚመስለው፤ ምናልባትም ነው። ቆዩ። የኔዋ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

አንድ ቀን ከደብዳቤው ጋር የእግሯ ቅርጽ መጣ። ማዕከሉ ለልጆቹ ጫማ ሊገዛ የእግራቸውን ልክ ሲወስድ፣ እሷ ለኔም አንድ ወረቀት ላይ እግሯን አስቀምጣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዙሪያውን አስምራዋለች። ተረከዙ ጋ መስመሩ ደህና ነው። ውስጠኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ዘሎ ወጥቷል፤ ኮርኩሯት መሆን አለበት። ከስሩ "ቁጥሬ ይሄ ነው፣ ያንቺስ?" ይላል። መዳፌን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። እኔም እግሬን አስምሬ ላክሁላት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ እግር እንለዋወጣለን። የሷ ያድጋል፣ የኔ ያው ነው።

ስጦታ መላክ እችላለሁ?

ጠይቁ። አብዛኞቹ ጥቅል አይቀበሉም፤ ቀረጥ አለ፣ መጥፋት አለ። ወረቀት፣ ስቲከር፣ ፎቶ ይበቃል። ተጨማሪ ገንዘብ ከላካችሁ ቤተሰቡ ከሶሻል ወርከሯ ጋር ተማክሮ እንዲወስን ተዉት። እናት "ፍራሽ" ካለች ፍራሽ ነው። "አሻንጉሊት በሆነ" ብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

ወንድምና እህቶቹስ? አንዱ ልጅ ብቻ አዲስ ጫማ አድርጎ ሌሎቹ ሲያዩት?

ከባድ ጥያቄ ነው፣ ጥሩ መልስም የለውም። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ሲኖር ደብተሩም፣ ሳሙናውም፣ ምሳውም ይካፈላል። ይካፈል። እናት ለአንዱ የመጣውን ለሦስት ብታደርገው ሌብነት አይደለም፣ እናትነት ነው። ቅናቱ ግን አለ። በተለይ "ዕድሜህ አልፏል" የተባለው ታላቅ ወንድም ላይ። ደብዳቤ ስትጽፉ የሁሉንም ስም ጥሩ። ወጪ የለውም።

ደህና ድርጅት ለቤቱ በሙሉ የሚደርስ አንድ ነገር ይኖረዋል፦ ለእናትየው ቁጠባ ወይም ሥልጠና፣ አንዳንዴም በክፉ ወር የኪራይ ድጋፍ። የኪራይ ድጋፍ የሚሰጥ ካገኛችሁ፣ ከተማን የሚያውቅ ድርጅት ነው።

ጎዳና ላይ ያለን ልጅ ወይስ ማሳደጊያ ውስጥ ያለን ብረዳ አይሻልም?

ጎዳና ላይ የምታዩት ልጅ ሁሉ ቤት የለውም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ቀን ጎዳና ውለው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ለነሱ የሚሆነው ድጋፍ ያው ለቤቱ የሚደረገው ነው። ሌሊቱንም ጎዳና የሚያድረው ልጅ ግን ወርሃዊ መዋጮና ደብዳቤ ብቻውን አይበቃውም። በየምሽቱ እየዞሩ የሚያናግሩት፣ ቀን የሚታጠብበትና የሚያርፍበት ቦታ ያላቸው፣ ቀስ ብለው ከቤተሰብ ጋር የሚያስታርቁ ሰዎች ያስፈልጉታል። እንዲህ የሚሠራ ድርጅት ካገኛችሁ አንዱን ልጅ ሳትመርጡ ሥራውን ደግፉ።

ማሳደጊያ ላይ ጠንከር ልበል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ይላል። ማሳደጊያ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። እናቲቱ ያስገባቻቸው ስለማትወዳቸው አይደለም፤ ማሳደጊያው ምግብና ትምህርት ስላለው፣ እሷ ግን ስለሌላት ነው። ገንዘባችን ሁሉ ወደ ማሳደጊያው ከሄደ ልጁን ከናቱ የሚያስወጣውን በር እኛው ከፈትን ማለት ነው። ሌላ አማራጭ ያጡ ልጆች አሉ፣ ለነሱ ደህና ቦታ ያስፈልጋል። ከመስጠታችሁ በፊት ግን "ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤተሰቡ መለሳችሁ?" በሉ።

ድርጅት ሳልገባ፣ የማውቀውን ልጅ በራሴ ብረዳስ?

ብዙ ሰው እያደረገው ነው። ስፖንሰርሺፕም አይለውም። "የዘመዴን ልጅ አስተምራለሁ" ነው የሚለው። ጥሩ ነገር ነው፣ ገንዘቡም ሳይሸራረፍ ይደርሳል። የሚጎድለው በር የሚያንኳኳው ሰው ነው።

ከሞከሩት እንዳየሁት ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ክፈሉ። ለቀሪው ለእናትየው በየወሩ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት መጠን ላኩ። አንዴ ብዙ፣ አንዴ ምንም አይሁን። ኪራይ በወር ነው የሚመጣው፤ ለመጪው ወር እርግጠኛ የሆነች እናት ከአከራይ ጋር መነጋገር ትችላለች፣ ልጇንም ሥራ አትልክም። ባለፈው ዓመት በጥድፊያ ተልኮ ያለቀ ትልቅ ገንዘብ ይሄን አያደርግም። ደግሞ ልጁን "እኔ ነኝ የማስተምርህ" እያላችሁ አታሸማቅቁት። ውጤቱ ሲወርድ ስልክ ላይ መቆጣት የለም።

ሄጄ ላየው እችላለሁ?

አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፣ ግን በነሱ በኩል፣ አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ የወንጀል ማጣሪያ አልፎ፣ ሠራተኛ ባለበት። ቅር አይበላችሁ። ሳያጣራ በሩን የሚከፍትላችሁ ድርጅት ለሌላም ሰው ይከፍታል። ከሄዳችሁ አትቆዩ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንግዳ ሲቆይ የቤቱ ሥራ ይቆማል።

ፎቶውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብለጥፍስ?

አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ የ1989ኙ፣ አንቀጽ 16 ላይ ለልጁ የግል ሕይወቱን የመጠበቅ መብት ይሰጠዋል። ፎቶው ላይ ትምህርት ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ስሙ ይታወቃል። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ልጁ ከአሥር ዓመት በኋላ ስሙን ሲፈልግ "ድሃ ነበር" የሚል ነገር እንዲያገኝ አትፈልጉም።

ገንዘብ ቢያጥረኝ ማቋረጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ውል አያስርም። ብዙዎቹ ስፖንሰር ሲያቆም ሌላ እስኪገኝ ልጁን ከጋራ ገንዘብ ይዘው ይቆያሉ፤ ይሄን ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ። ዝም ብላችሁ ካርዱን ከመዝጋት ግን ሁለት ሦስት ወር አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አቅማችሁ የሚያወላዳ ከሆነ ከመጀመሪያው በትንሹ ግቡ። ለልጁ ስምንት ዓመት የሚቆይ ትንሽ ገንዘብ፣ በዓመት ተኩል ከሚቋረጥ ብዙ ገንዘብ ይበልጣል።

ሲያድግስ?

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በ18 ዓመት ገደማ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ያበቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሙያ ሥልጠና ድረስ ይዘልቃሉ። አንዳንዴ ልጁ ቀደም ብሎ ይወጣል። ሥራ ያገኛል፣ ያገባል፣ ወይ ቤተሰቡ እንደገና ይለቅና ሳይመለስ ይቀራል። ይሄኛው ያማል፣ ግን ልጁ የናንተ ፕሮጀክት አልነበረም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ድርጅቶች ደብዳቤ አያስተላልፉም፣ አድራሻም አይሰጡም፤ ለልጁ ደኅንነት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ደብዳቤ የመጨረሻው ወር እስኪደርስ አታቆዩት። የኔዋ አሁን 15 ዓመቷ ነው፣ የኔን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የእግሬን ቅርጽ ግን እዚያው ቀን ነው የማስምረው።